ባልዲ መምታት ማለት ምን ማለት ነው?

በዛሬው የእንግሊዝኛ ዓምዳችን ስለ ኢዲየም፣ ማለትም ስለ ፈሊጣዊ አነጋገር ነው የምጽፈው። ብዙዎቻችን ኢዲየምን ከነትርጉሙ ደብተር ላይ ጽፈን እንሸመድዳለን። እኔም እንደዛ ነበር የማደርገው። ትርጉሙን ማወቅ ብቻ እንደማይበቃ የገባኝ ሰው ካስቀየምኩ በኋላ ነው።

አምና የአንዲት የክፍላችን ልጅ አያት አረፉ። የማጽናኛ ካርድ ስናዘጋጅላት እንግሊዝኛውን እኔ ልጻፍ አልኩ። ደብተሬ ላይ «ኪክ ዘ በኬት፦ መሞት» የሚል ነበረ። ቃል በቃል ባልዲውን በእግር መምታት ማለት ነው። ያማረ እንግሊዝኛ መስሎኝ «ዩር ግራንድማዘር ኪክድ ዘ በኬት» ብዬ በትልልቅ ፊደል ጻፍኩ። ሰዋስዉ ልክ ነው፤ ጊዜው ስላለፈ «ኪክ»ን «ኪክድ» አድርጌዋለሁ። ግን ታላቅ ወንድሟ አንብቦት በጣም ተናደደ። እሷም ስታለቅስ አየኋት።

በኋላ ቲቸር እንዳስረዱን ይህ አባባል ለቀልድ የሚነገር ነው። ለቅሶ ቤት ገብቶ «አያትሽ ክልትው አሉ አይደል?» እንደማለት ነው! እኛ «አረፉ» በምንልበት ቦታ በእንግሊዝኛ «ፓስድ አዌይ» ይባላል። ልጅቷን ይቅርታ ጠየቅኳትና ይቅር ብላኛለች። ካርዱን ግን እስካሁን አልመለሰችልኝም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ኢዲየም ስማር ለማንና ስለምን እንደሚነገር እጠይቃለሁ። ለምሳሌ «አንደር ዘ ዌዘር» ስለ አየር ጠባይ ይመስላል እንጂ ትንሽ ማመም ማለት ነው። ጉንፋን ሲይዘኝ «አይ አም ፊሊንግ አንደር ዘ ዌዘር» እላለሁ። በጠና ታሞ ሆስፒታል ለተኛ ሰው ግን አይሆንም፣ ሕመሙን ማቃለል ነው። «ኤ ፒስ ኦፍ ኬክ» ደግሞ ቀላል ሥራ ማለት ነው። ስለ ፈተና ወይም ስለ ቤት ሥራ ይነገራል። ሰውን ግን «ፒስ ኦፍ ኬክ ነው» አይሉም።

ሌላው ነገር ቃላቱን እንደፈለግን መለወጥ አንችልም። በአማርኛም «ሆድ ባሰኝ» እንላለን። «ጨጓራ ባሰኝ» ካልን ግን ሰው መድኃኒት ነው የሚያመጣልን። «ስፒል ዘ ቢንስ» ቃል በቃል ባቄላውን መድፋት ሲሆን ትርጉሙ ምስጢር ማውጣት ነው። ትላንት ከሆነ «ሺ ስፒልድ ዘ ቢንስ» ይሆናል። ግሱ በጊዜው ይለወጣል፣ ባቄላው ግን ሽምብራ አይሆንም።

እስቲ ይህን አርሙ፦ «አይ ካም ቱ ስኩል ኤቭሪ ዴይ ዋንስ ኢን ኤ ብሉ ሙን።» ፍንጭ ልስጣችሁ፣ «ዋንስ ኢን ኤ ብሉ ሙን» ከስንት አንዴ ማለት ነው። መልሳችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ለክበባችን አባላት ስጡ።