ጨረር፣ ውሃ እና ጤነኛው ሕዋስ

ከአዳማም ሆነ ከባቱ (ዝዋይ) ወይም ከሻሸመኔ የጨረር ሕክምና የታዘዘለት የካንሰር ሕመምተኛ ለረጅም ዘመን የነበረው መድረሻ አንድ ብቻ ነበር፤ ይኸውም አዲስ አበባ የሚገኘው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። ሆስፒታሉ ከ20 ዓመታት በላይ የሀገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ማዕከል ሆኖ ሲያገለግል የኖረው በኮባልት 60 መሣሪያ ነው። ከኮባልት 60 የሚወጣው የጋማ ጨረር ጥልቅ ዕጢ ዘንድ ለመድረስ በጤነኛ አካል ውስጥ ማለፍ ግድ ይለዋል። ታዲያ ጤነኛውን ሕዋስ እንዴት እንጠብቀው?

በተለመደው አሠራር ዕጢው በአንድ ቀን የሚያገኘው መጠን 2 ግሬይ ያህል ነው። ይህም በኪሎ ግራም 2 ጁል ማለት ሲሆን፣ የውሃን ሙቀት ከ0.0005 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከፍ አያደርግም። ስለዚህ ጉዳቱ የቃጠሎ ጉዳት አይደለም። ጨረሩ ከአቶሞች ኤሌክትሮኖችን ያስፈነጥራል፤ ከሕዋሱ አብዛኛው ክፍል ደግሞ ውሃ ነው። በወንጂ ስለ ውሃ ሲነሣ ፍሎራይድ ይታወሳል፤ እዚህ ላይ ግን ውሃው ንጹሕ መሆኑ አያድንም። ኤሌክትሮን ያጣው የውሃ ሞለኪውል ከጎረቤቱ ጋር ተጋጭቶ ሃይድሮክሲል የተባለውን ነጻ ራዲካል ያስገኛል። ጥንድ የሌለው ኤሌክትሮን ስላለው ያገኘውን ሁሉ ያጠቃል። የጋማ ጨረር በዲ.ኤን.ኤ. ላይ ከሚያደርሰው ጉዳት ሁለት ሦስተኛ የሚሆነው በዚህ በተዘዋዋሪ መንገድ የሚመጣ ነው።

የራዲካሉ ዕድሜ በሕዋስ ውስጥ በናኖ ሰከንዶች የሚቆጠር ነው፤ የሚጓዘውም ጥቂት ናኖ ሜትር ብቻ ነው። እንግዲህ ተከላካዩ ሞለኪውል ጨረሩ ከመድረሱ በፊት በስፍራው መገኘት አለበት። ከጨረሩ በኋላ የሚዋጥ መድኃኒት ራዲካሉን አይደርስበትም።

ቦታውም እንደ ጊዜው ወሳኝ ነው። አሚፎስቲን የተባለው መድኃኒት፣ መነሻው በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን የተካሄደ የአሜሪካ ጦር ምርምር ሲሆን፣ ከጨረሩ ጥቂት ደቂቃዎች በፊት በደም ሥር ይሰጣል። ወደ ሥራ የሚገባው አልካላይን ፎስፋቴዝ የተባለው ኢንዛይም ፎስፌቱን ሲቆርጥለት ነው። ኢንዛይሙ በጤነኛ አካል ውስጥ በርከት ይላል፤ በዕጢው ውስጥ ግን ያንሳል፣ የደም ሥሮቹም የተጎሳቆሉ ናቸው። በ1999 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተፈቀደው በራስና በአንገት ካንሰር ሕክምና የሚከሰተውን የአፍ መድረቅ ለመቀነስ ነው። ማቅለሽለሹና የደም ግፊት መውረዱ ግን ብዙ ሐኪሞችን አሳስቧል፤ እኛም ይህን መድኃኒት የምንወደው ይበልጥ ለኬሚስትሪው ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ አስተሳሰብ እንመርምር። «ቫይታሚን ራዲካልን ይይዛል፤ እንግዲያው በሕክምናው ወቅት አብዝቶ መውሰድ ይበጃል» ይባላል። የመጀመሪያው ሐሳብ እውነት ነው፤ ሁለተኛው ግን ከእርሱ አይከተልም። ቫይታሚኑ እንደ አሚፎስቲን ዕጢውን ከጤነኛው የሚለይበት ቁልፍ የለውምና የካንሰሩን ሕዋስ ጭምር ሊከልል ይችላል። ከአዳማ ለሕክምና የሚሄድ ሰው የቫይታሚን እንክብሉንም ሆነ የሽፈራው ዱቄቱን ይዞ ለሐኪሙ ማሳየት ያለበት ስለዚህ ነው።