የማሽላ ጠላ አጠማመቅ፦ የእንኩሮና የብቅል የሙቀት ሥርዓት

የታች አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በሳንጃና በአካባቢዋ ቆላ ማሽላ ዋነኛ ሰብል ነው፤ ለጠላም ይውላል። ይህ ጽሑፍ የማሽላ ጠላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠነስስ ሰው ሊለያቸው የሚገቡ ሁለት የሙቀት ደረጃዎችን ያብራራል።

የመጀመሪያው የእንኩሮ ደረጃ ነው። የማሽላ ስታርች ውኃ ጠጥቶ የሚያብጠው በግምት ከ68 እስከ 78 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ሲሆን፣ የገብስ ስታርች ግን ከዚህ ዝቅ ባለ ሙቀት ያብጣል። ጥሬ የማሽላ ዱቄት ቢጨመር ስታርቹ ለኢንዛይም በሚገባ አይጋለጥም። ዱቄቱን በውኃ አርሶ በምጣድ ማብሰል ይህን መሰናክል ያቃልላል።

ሁለተኛው የብቅል ደረጃ ነው። በብቅሉ ውስጥ ያሉት አሚሌዞች ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጣሉ፤ ከፍተኛ ሙቀት ግን ያጠፋቸዋል። ስለዚህ ብቅል ደርቆ ይፈጫል እንጂ አይቆላም፤ እንኩሮውም ከጥንስሱ ጋር የሚዋሐደው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

በቢራ ጠመቃ ስታርቹ በ65 ዲግሪ ገደማ ለ1 ሰዓት ያህል ወደ ስኳር ይለወጣል፤ እርሾ የሚገባው ፈልቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። በጠላ ግን ሁለቱም ለውጦች በአንድ ጋን ውስጥ ጎን ለጎን ይካሄዳሉ፤ ስለዚህ በከፍተኛ ሙቀት በሰዓት የሚያልቀው ሥራ እዚህ ቀናትን ይፈልጋል።

ብቅሉ ራሱ ከማሽላ የሚዘጋጅ ከሆነ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያሻል። የማሽላ ቡቃያ ሲፈርስ ሲያናይድ የሚያወጣ ድሁሪን የተባለ ውሑድ ስለሚይዝ፣ ከደረቀ በኋላ ቡቃያውንና ሥሩን አሽቶ ማራገፍ ይገባል።