የጎልፍ ሜዳ ክፍያ ውድነት ምንን ይለካል? የሁለት የአሜሪካ ሜዳዎች ንጽጽር

በጎልፍ ስፖርት «ግሪን ፊ» የሚባለው ለአንድ ዙር ጨዋታ የሚፈጸመው ክፍያ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ የክፍያው ከፍታ የሜዳውን ጥራት ያመለክታል ወይ የሚል ነው።

ለንጽጽር የተመረጡት የዩናይትድ ስቴትስ ኦፕን ሻምፒዮናን ያስተናገዱ ሁለት ሜዳዎች ናቸው። በካሊፎርኒያ የባሕር ዳርቻ የሚገኘው ፔብል ቢች የግል ኩባንያ ንብረት ሲሆን፣ ለአንድ ዙር ከ600 ዶላር በላይ ያስከፍላል። በኒው ዮርክ የሚገኘው ቤዝፔጅ ብላክ በአንጻሩ የግዛቲቱ መንግሥት ፓርክ አካል ነው፤ የግዛቲቱ ነዋሪ ከ100 ዶላር በታች ይከፍላል። ይህም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2002 እና በ2009 ሻምፒዮናው ተካሂዶበታል። ስለሆነም የዋጋው ልዩነት በጥራት ብቻ ሊብራራ አይችልም፤ የባለቤትነትና የሥፍራው ብርቅነት ውጤትም ነው።

ሆኖም በቤዝፔጅ የሚከፈለው ገንዘብ ሙሉውን ወጪ አያሳይም። ፈላጊው ከቦታው ስለሚበልጥ፣ ተራ ለማግኘት በመኪና ማቆሚያው የሚያድሩ ተጫዋቾች አሉ። ዋጋ ያልመጠነውን ፍላጎት ሰልፍ ይመጥነዋል። ልዩነቱ፣ በፔብል ቢች የሚከፈለው ዶላር ለባለቤቱ ገቢ ሲሆን በሰልፍ ያለፈው ሌሊት ለማንም አለመትረፉ ነው። በሌላ በኩል ሰልፉ ገንዘብ ለሌለው በሩን ክፍት ያደርጋል።

በመሆኑም ውድ ክፍያ የሚያዋጣው ሥፍራውን ለሚሻና ጊዜው ከገንዘቡ ለሚጠብበት ተጫዋች ነው። ዋጋን የጥራት መለኪያ አድርጎ የሚከፍል ግን በርካሹም ሜዳ ሊያገኘው ለሚችለው ነገር አብዝቶ ይከፍላል።