ስለ ሥዕል መቅረጽና ማተም

በኦሪት ዘጸአት እንደ ተጻፈው፥ ካህኑ አሮን በትከሻው በሚሸከማቸው በሁለቱ የከበሩ ድንጋዮች ላይ የእስራኤል ልጆች ስሞች እንደ ማኅተም ተቀርጸው ነበር። የማኅተም ጠባይ ደግሞ አንድ ጊዜ ከተቀረጸ በኋላ መልኩን ለብዙ ሰም ማካፈል ነው። የሥዕልም ኅትመት የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው።

አሠራሩ ሁለት ዓይነት ነው። በመጀመሪያው፥ ሥዕሉ በተላገ እንጨት ላይ ግራና ቀኙ ተዛውሮ ይነደፋል፤ ቀራጩም ነጭ ሆኖ የሚቀረውን ስፍራ እየፈለፈለ መስመሩን ብቻ ከፍ ብሎ እንዲቀር ያደርጋል፤ ከፍ ያለውም ቀለም ተቀብቶ ወረቀት ይጫንበታል። ሁለተኛው የዚህ ተቃራኒ ነው። መስመሩ በመዳብ ሰሌዳ ላይ በሹል ብረት ይቆፈራል፤ ቀለሙ በተቆፈረው ውስጥ ሲቀር ፊቱ ይወለወላል፤ ከዚያም ርጥብ ወረቀት በመጭመቂያ ተጭኖ ቀለሙን ይስባል።

በዚህ ጥበብ ምክንያት በ15ኛው መቶ ዓመት በአውሮፓ ድኻውም የቅዱሳንን ሥዕል በጥቂት ገንዘብ ገዝቶ በቤቱ ይሰቅል ጀመር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1423 ዓ.ም. የሚል የተቀረጸበት የቅዱስ ክሪስቶፎሮስ ሥዕል እስከ ዛሬ በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ይገኛል።

ይህ ጥበብ ከአገራችንም ደርሷል። በዚያው አቆጣጠር በ1591 ዓ.ም. በሮም ከተማ በሜዲቺ ማተሚያ ቤት የወጣው የዓረብኛ ወንጌል፥ አንቶኒዮ ቴምፔስታ በነደፋቸው የእንጨት ቅርጾች ያጌጠ ነበር። በጎንደር ዘመን የነበሩ ሠዓልያንም ወንጌልን በሥዕል ሲያስጌጡ እነዚህን ቅርጾች አብነት አደረጓቸው።

እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። በ17ኛው መቶ ዓመት ከሮም በመጣው ትምህርት ምክንያት በአገራችን ብዙ ደም ፈሷል፤ ዐፄ ፋሲለደስም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1632 ዓ.ም. የተዋሕዶን ሃይማኖት መልሰዋል። ታዲያ ቁስሉ ገና ሳይሽር፥ ሠዓልያኑ ከሮም የመጣውን ሥዕል ስለ ምን ተቀበሉ? የጌታችን ልደት፥ ተአምራቱና ሕማሙ የአንድ አገር ሀብት ስላልሆነ ነው። ይሁን እንጂ እንዳለ አልገለበጡትም። ጥቁርና ነጭ የነበረውን በደማቅ ቀለም አለበሱት፤ ፊቱንም ምእመናን በሚያውቁት፥ ዐይኑ በጎላ መልክ ሣሉት። ታሪኩን ተቀብለው በራሳቸው ሥርዓት ተናገሩት።

ምእመናን ሆይ፥ ዛሬ የታተመ ሥዕል በየገበያው በርካሽ ይገኛል። የብዛቱን ያህል ግን ምርመራችን አልበዛም። እንግዲህ ካህኑ በቤተ ክርስቲያን፥ ወላጅም በቤቱ ሥዕል ከመስቀሉ በፊት፥ «ይህ ሥዕል ልጆቼን ምን ያስተምራል?» ብሎ ይጠይቅ። የቀደሙት ሠዓልያን እንዲህ ጠይቀው ስለ መረጡ፥ ሥራቸው እስከ ዛሬ ያስተምረናል።