የድህረ ምረቃ ኮርስ በኦንላይን ሲሰጥ

ብዙ መምህራን ኮርሳቸውን ወደ ኦንላይን ሲያዞሩ መጀመሪያ የሚጨነቁት ስለ ካሜራና ስለ ስላይድ ነው። ማስተርስ የሚማረው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀን ሥራ ውሎ፣ ማታ ልጆቹን አስተኝቶ ነው ኮምፒውተሩን የሚከፍተው። ለዚህ ሰው የሁለት ሰዓት ገለጻ ቀርጾ መጫን ቅጣት ነው። እስከ መጨረሻው የሚይዘው ከገዛ ሥራው የተነሣ ጥያቄ ነው።

ኮርሱ የምርምር ዘዴ፣ ተማሪዎቹ የጤና ባለሙያዎች፣ የሳምንቱ ርዕስ ደግሞ የናሙና አመራረጥ ነው እንበል። መምህሩ የናሙና ዓይነቶችን ከመዘርዘሩ በፊት እንዲህ ብሎ ይጠይቅ፦ «በምትሠሩበት ወረዳ እናቶች ለምን ቤታቸው እንደሚወልዱ ብታጠኑ፣ የምትጠይቋቸውን እናቶች ከየት ታገኛላችሁ?» አንዷ «ልጆቻቸውን ለማስከተብ ጤና ጣቢያ ከሚመጡት» ብላ ትጽፋለች። ሌላው አንብቦ «ጤና ጣቢያ ደርሳ የማታውቀዋ እናትስ?» ይላታል። የናሙና መዛባት ማለት ይኸው ነው፤ ማንም ሳይነግራቸው ራሳቸው ደረሱበት። ቪዲዮው ከዚህ በኋላ ሲመጣ የሚያዩት መልስ ፈልገው ነው።

ቪዲዮው አጭር ይሁን። ፊሊፕ ጉዎና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ በኢዴክስ የኦንላይን መድረክ ኮርሶች 6.9 ሚሊዮን የቪዲዮ እይታዎችን መርምረው፣ የቪዲዮው ርዝመት ምንም ያህል ቢሆን ከተመልካቹ ቢያንስ ግማሹ ከ6 ደቂቃ በላይ እንደማይቆይ አሳይተዋል። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ ደግሞ ትንሽ ፋይል በስልክ ለማውረድ ይቀላል። የቪዲዮው ገለጻ ጽሑፍም በፒዲኤፍ አብሮ ይላክ።

ሳምንቱ ሲያልቅ፣ ማስታወሻ ሳያዩ የሚመልሷቸው ሁለት ሦስት ጥያቄዎች ይኑሩ፤ ማርክ ባይያዝባቸውም ይጠቅማሉ። ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳሳዩት፣ ያነበቡትን ለማስታወስ የሞከሩ ተማሪዎች ደጋግመው ካነበቡት ይልቅ ከሳምንት በኋላ የበለጠ አስታውሰዋል። በዙም በቀጥታ የሚገናኙበት ሰዓት ደግሞ ተማሪዎቹ ያልተስማሙባቸውን መልሶች ማከራከሪያ ይሁን።

ከሁሉ የሚከብደው የመምህሩ ምላሽ ነው። «ጥሩ ነው፣ በርቺ» ማለት ምንም አያስተምርም። «ናሙናውን የወሰድሽው ከከተማ ብቻ ነው፤ ገጠሩን ለምን ተውሽው?» የተባለች ተማሪ ግን ሥራዋ በእርግጥ እንደተነበበ ታውቃለች፣ ቀጣዩንም ታሻሽላለች። ምላሹ ከሚቀጥለው ሥራ ማስረከቢያ ቀን በፊት ካልደረሰ ጥቅም የለውም።

እንዲህ ማስተማር ሰዓት ይወስዳል፤ መምህሩ ክፍል ገብቶ ከሚያስተምርበትም ሊበልጥ ይችላል። የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች፣ እባካችሁ ይህን ሰዓት እንደ ማስተማሪያ ሰዓት ቁጠሩለት።