የመድኃኒት አስተዋዋቂው ለሐኪሙና ለፋርማሲስቱ ምን ይጠቅማል?

የመድኃኒት ገበያ ከሌላው ገበያ የሚለይበት አንድ ዐቢይ ጉዳይ አለ፡፡ ሲሚንቶ የሚገዛ ሰው ራሱ መርጦ፣ ራሱ ተከራክሮ፣ ራሱ ይከፍላል፡፡ በመድኃኒት ግን የሚመርጠው ሐኪሙ፣ የሚያቀርበው ፋርማሲስቱ፣ ብዙውን ጊዜ የሚከፍለው ደግሞ ሕመምተኛው ነው፡፡ ስለሆነም አምራቹና አስመጪው የሚልኩት ሰው የሚያንኳኳው የከፋዩን ሳይሆን የመራጩን በር ነው፡፡ ይህ ሰው በተለምዶ «ሜዲካል ሬፕ» የሚባለው የመድኃኒት አስተዋዋቂ ነው፡፡

በአገራችን በዚህ ሥራ የተሰማሩት ባብዛኛው በፋርማሲ ትምህርት የተመረቁ ወጣቶች ናቸው፡፡ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው በክሊኒክ ኮሪደር ተራ ሲጠብቁ ያያቸው ሰው እንደ ማንኛውም ሻጭ ሊቆጥራቸው ይችላል፡፡ ሥራቸው ግን ከዚያ ይሰፋል፡፡

አንድ አስመጪ የደም ግፊት መድኃኒት በአዲስ የንግድ ስም አስመጣ እንበል፡፡ አስተዋዋቂው ሐኪሞችን ብቻ አነጋግሮ ፋርማሲዎችን ከዘለለ ማዘዣው ይጻፋል፤ መድኃኒቱ ግን መደርደሪያ ላይ የለም፡፡ ሕመምተኛው ወረቀቱን ይዞ ከፋርማሲ ፋርማሲ ይንከራተታል፡፡ በአንጻሩ ለፋርማሲዎች ብቻ አራግፎ ከሄደ የሚያዝዘው ሐኪም ስለሌለ ካርቶኑ እንደተቀመጠ የመጠቀሚያ ጊዜው ያልፋል፡፡ ፋሽኑ ያለፈበት ሸሚዝ በቅናሽ ይሸጣል፤ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ግን አይሸጥም፤ እንዲያውም ለማስወገዱ ሌላ ወጪ ይጠይቃል፡፡ ጎበዝ አስተዋዋቂ ሁለቱን ወገኖች በአንድ ሳምንት ውስጥ የሚያነጋግረው ለዚህ ነው፡፡

ፋርማሲስቱ ከእርሱ የሚያገኘው ጥቅም ግልጽ ነው፡፡ በአካባቢው ምን እየታዘዘ እንደሆነ ይሰማል፡፡ አቅርቦቱ በውጭ ምንዛሪ ምክንያት በሚቆራረጥበት ገበያ ቀጣዩ ጭነት መቼ እንደሚደርስ ማወቅ ራሱ ገንዘብ ነው፡፡ እንደ ኢንሱሊን ያለው ምርት ከመከፈቱ በፊት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ ስላለበት የአያያዝ መረጃም ያስፈልገዋል፡፡ አንድ መድኃኒት ያልተጠበቀ ጉዳት ሲያደርስም ወሬው ወደ አምራቹ ከሚደርስባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ባለ ቦርሳ ነው፡፡

የሐኪሙ ነገር ግን ጥንቃቄ ይሻል፡፡ ቀኑን ሙሉ ሕመምተኛ ሲያይ የሚውል ሐኪም ስለ አዲስ መድኃኒት በአምስት ደቂቃ የሚያስረዳው ሰው ቢያገኝ ደስ ይለዋል፡፡ ሆኖም መረጃው የመጣው ከሻጭ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2010 «ፕሎስ ሜዲስን» በተባለ መጽሔት የወጣ ግምገማ 58 ጥናቶችን መርምሮ ከኩባንያዎች በቀጥታ የሚገኝ መረጃ የሐኪሞችን አስተዛዘዝ እንዳሻሻለ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም፡፡ እንዲያውም ከጥቂቶቹ በስተቀር ወይ ወጪ መጨመሩን ወይ ጥራት መጓደሉን፣ አለዚያም ምንም ለውጥ አለመኖሩን የሚያሳዩ ነበሩ፡፡

ነገሩ የት ሊደርስ እንደሚችል ከአሜሪካው ፐርዱ ፋርማ መማር ይቻላል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1996 ገበያ ላይ የዋለው ኦክሲኮንቲን የተባለ የሕመም ማስታገሻ በዚያው ዓመት የ48 ሚሊዮን ዶላር ሽያጭ ነበረው፤ በ2000 ወደ 1.1 ቢሊዮን ዶላር ተጠጋ፡፡ አስተዋዋቂዎቹ ሱስ የማስያዝ አደጋው እጅግ ዝቅተኛ ነው እያሉ ሐኪሞችን ያሳምኑ ነበር፡፡ ለምን እንዲህ እንደተጉ የ2001 ክፍያቸው ይናገራል፤ አማካይ ዓመታዊ ደመወዛቸው 55,000 ዶላር ሲሆን በሽያጭ የሚያገኙት ጉርሻ ግን በአማካይ 71,500 ዶላር ነበር፡፡ ጉርሻው ከደመወዙ ሲበልጥ አስተዋዋቂው ስለ ጎንዮሽ ጉዳት ያወራል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው፡፡ በ2007 ከድርጅቱ ኩባንያዎች አንዱ ጥፋቱን በፍርድ ቤት አምኖ ከሦስት ኃላፊዎች ጋር ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፈለ፡፡ በሱስ የተያዙትን ሰዎች ግን ክፍያው አልመለሳቸውም፡፡

ለአስመጪዎቻችን ትምህርቱ ከዚህ ላይ ነው፡፡ አስተዋዋቂውን በማዘዣ ብዛት ብቻ የሚከፍል ድርጅት እውነት እንዳይናገር እየከፈለው ነው፡፡ የእንግሊዙ ግላክሶስሚዝክላይን እ.ኤ.አ. በ2013 የአስተዋዋቂዎቹን ክፍያ ከግል የሽያጭ ኮታ እንደሚያላቅቅ አስታውቆ ነበር፤ ከተወሰኑ ዓመታት በኋላ ግን ውሳኔውን በከፊል ለወጠ፡፡ ፉክክሩ እንዲህ ቀላል አይደለም፡፡

እስከዚያው ሐኪሙ የንግድ ስሙን ከመልመዱ በፊት የመድኃኒቱን የሳይንስ ስም፣ ተመሳሳዩ በስንት ብር እንደሚሸጥና ለማን እንደማይሰጥ ይጠይቅ፡፡ ፋርማሲስቱም ካርቶኑን ከመረከቡ በፊት የመጠቀሚያ ጊዜው ስንት ወር እንደቀረውና ያልተሸጠው ተመላሽ መሆን አለመሆኑን በጽሑፍ ይቀበል፡፡