ፈጣን ዲስክ የቺፕ ንድፍን ያፋጥናልን?

የኮምፒውተር ሀርድዌር ንድፍ የሚማሩ ተማሪዎቻችን ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «የንድፍ ሶፍትዌሩ አንድ ሥራ ለመጨረስ ሰዓት ይፈጅብናል፤ በሀርድ ዲስኩ ፈንታ ፈጣን ኤስኤስዲ ብንገዛ ይፈጥንልን ይሆን?» የሚል ነው። የመመረቂያ ሥራ ማስረከቢያ ቀን በተቃረበበትና ገንዘቡ ለአንድ ዕቃ ብቻ በሚበቃበት ጊዜ ጥያቄው ቀላል አይደለም። በዚህ ጽሑፍ መልሱን በግምት ሳይሆን በስሌት ለማግኘት እንሞክራለን።

ሶፍትዌሩ ምን ይሠራል?

ለአብነት ኤፍፒጂኤ የተባለውን፣ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ ውስጣዊ ትስስሩ እንደተፈለገው ሊዋቀር የሚችለውን ቺፕ እንውሰድ። ሶፍትዌሩ ተማሪው በቬሪሎግ ወይም በቪኤችዲኤል የጻፈውን መግለጫ ያነብባል፤ ወደ ሎጂክ ክፍሎች ይለውጠዋል፤ ክፍሎቹን በቺፑ ላይ ቦታ ቦታ ያስይዛል፤ እርስ በርስ ያገናኛል፤ በመጨረሻም ምልክቶቹ በጊዜያቸው መድረሳቸውን ይመረምራል።

ከእነዚህ ተግባራት ከባድ ከሆኑት አንዱ ቦታ ማስያዙ ነው። 20 ክፍሎችን በ20 ቦታዎች ለመደርደር እንኳ 2.4 ቢሊዮን ቢሊዮን ያህል አማራጮች አሉ። ሁሉንም መሞከር ስለማይቻል፣ ኪርክፓትሪክ፣ ጌላትና ቬኪ በ1983 እ.ኤ.አ. ከፊዚክስ የተወሰደ ስልት አቀረቡ። የጋለ ብረት ቀስ በቀስ ሲቀዘቅዝ አተሞቹ አነስተኛ ጉልበት (ኢነርጂ) ያለውን አደራደር እንደሚይዙ ሁሉ፣ ሶፍትዌሩም ክፍሎቹን እያቀያየረ የማገናኛ መስመሮቹን ርዝመት ይቀንሳል። «ሙቀቱ» ከፍ ባለበት ጊዜ የሚያባብሱ ለውጦችን ጭምር አልፎ አልፎ ይቀበላል፤ ሙቀቱ እየወረደ ሲሄድ ግን ይህን ይተዋል። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ስልቶች ቢታከሉም ዋናው ነገር አልተለወጠም፤ ሥራው የሚከናወነው በፕሮሰሰሩና በዋናው ማኅደረ ትውስታ (ራም) ውስጥ ሲሆን፣ ዲስኩ በአብዛኛው ሥራ ፈትቶ ይቆያል።

የጊዜው ሒሳብ

በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚሽከረከር ሀርድ ዲስክ አንዱን ዙር በ8.3 ሚሊሰከንድ ይጨርሳል። የተፈለገው መረጃ ከአንባቢው ራስ ሥር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር፣ ማለትም 4.2 ሚሊሰከንድ ይጠበቃል። ራሱ ከቦታ ቦታ የሚጓዝበት 9 ሚሊሰከንድ ያህል ሲታከልበት ድምሩ ወደ 13 ሚሊሰከንድ ይደርሳል። ኤስኤስዲ ግን የሚሽከረከር አካል ስለሌለው በ0.1 ሚሊሰከንድ ገደማ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ይመልሳል። ልዩነቱ ከመቶ እጥፍ በላይ ነው። ታዲያ ሶፍትዌሩም መቶ እጥፍ ይፈጥናልን?

ቡና ማፍላትን እናስብ። ቡናውን ከጓዳ ማምጣት፣ ማጠብ፣ መቁላት፣ መውቀጥና ማፍላት አለ። ወደ ጓዳ የሚላከው ልጅ ቢሮጥ እንኳ እንግዳው ቡናውን የሚጠጣው ከቀድሞው እምብዛም ሳይቀድም ነው። ይህን ሐሳብ ጂን አምዳል በ1967 እ.ኤ.አ. ስለ ብዙ ፕሮሰሰሮች ጥምረት ሲናገር አቅርቦታል፤ የአንድ ክፍል መፋጠን የሚሰጠው ጥቅም ያ ክፍል ከጠቅላላው ጊዜ በሚይዘው ድርሻ ይወሰናል።

ለምሳሌ ያህል፣ 60 ደቂቃ ከሚፈጅ ሥራ 57ቱ ደቂቃ ስሌት፣ 3ቱ ደግሞ ዲስክ መጠበቅ ነው እንበል። ዲስኩ 10 እጥፍ ቢፈጥን 3ቱ ደቂቃ ወደ 0.3 ይወርዳል፤ ጠቅላላው 57.3 ደቂቃ ይሆናል። ዲስኩ ፍጹም ጊዜ ባይወስድ እንኳ ከ57 በታች አይወርድም። በአንጻሩ የእያንዳንዱ ኮር ፍጥነት በ25 በመቶ የሚበልጥ ፕሮሰሰር ሥራውን በ48.6 ደቂቃ ይጨርሳል።

ዲስኩ ማነቆ የሚሆነው መቼ ነው?

ይህ ማለት ግን ኤስኤስዲ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። ሶፍትዌሩን ለመክፈት፣ በርካታ ትንንሽ ፋይሎችን ለማንበብ፣ እንዲሁም ሲሙሌሽን ግዙፍ የምልክት መዝገብ በሚጽፍበት ጊዜ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል።

ከሁሉም የከፋው ራም ያነሰ እንደሆነ ነው። 12 ጊጋባይት የሚፈልግ ንድፍ 8 ጊጋባይት ባለው ኮምፒውተር ላይ ሲሠራ፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የተረፈውን ወደ ዲስክ እያወጣ ይመልሰዋል። ራም በ100 ናኖሰከንድ ገደማ ሲመልስ፣ 0.1 ሚሊሰከንድ የሚወስድ ኤስኤስዲ አንድ ሺህ እጥፍ ይዘገያል። እንዲህ ሲሆን ኤስኤስዲው ችግሩን ያቀልላል እንጂ አያስወግደውም፤ መድኃኒቱ ራም መጨመር ነው።

እንግዲህ ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት እንለካ። ሥራው በሚካሄድበት ጊዜ በዊንዶውስ ታስክ ማኔጀር ፕሮሰሰሩን፣ ራሙንና ዲስኩን እንመልከት። ባለ 8 ኮር ፕሮሰሰር ላይ አንድ ኮር ብቻ በሙሉ አቅሙ ሲሠራ ጠቅላላው 12.5 በመቶ ገደማ ሆኖ ስለሚታይ፣ ፕሮሰሰሩ ሥራ የፈታ እንዳይመስለን እንጠንቀቅ። ራሙ ሞልቶ ዲስኩ ያለ ዕረፍት የሚሠራ ከሆነ ራም እንግዛ፤ ራሙ ሳይሞላ ዲስኩ ፋይል በማንበብና በመጻፍ ከተጠመደ ኤስኤስዲ እንግዛ፤ ዲስኩ ዝም ብሎ አንድ ኮር ብቻ ከተጨነቀ ግን አዲስ ዲስክ አያድነንም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ሳይለኩ መግዛት ገንዘቡንም ጊዜውንም ያሳጣል።